ከሦስቱ ምት በፊት የነበረው

ሲሰጡት የማይጎድል ነገር እንደ እኔ ላለ ሰው ፈተና ነው። ጤፍ ብታበድሩ ጎተራው ይጎድላል። በሬ ብታውሱ የእርሻ ቀን ይጎድላል። በወንፈል ሄዳችሁ የጎረቤት ማሳ ስታርሙ ብትውሉ ወገባችሁ ይጎድላል፤ እሱም በተራው መጥቶ ወገቡን ያጎድልላችኋል፣ ትስተካከላላችሁ። ይህ ይገባኛል። እሳት ግን አይገባኝም። ጎረቤት በገል ፍም ጭራ ትሄዳለች፣ ምድጃው ግን እንደነደደ ነው። እርሾም እንዲሁ ነው፤ ከአንድ ቤት ወጥቶ ሰፈሩን ሁሉ ሲያዳርስ የመጀመሪያዋ ማድጋ አንዳች አይጎድልባትም። እንዲህ ያለው ነገር መጀመሪያውና መጨረሻው አይታወቅም፣ ማን ዘንድ እንዳለም አይታወቅም። ድምፅም ከእነዚህ ወገን መሆኑን ያወቅሁት በስተርጅና ነው።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እቆጥራለሁ። ከመርጡለ ማርያም ወዲህ ደብረ ማርቆስ ድረስ በእግሬ ስመጣ ትልቅም ትንሽም አሥራ አንድ ወንዝ ተሻግሬአለሁ። ከቤቴ በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ስድስት መቶ ዐርባ እርምጃ ነበር፤ ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ሰባት መቶ ደርሷል። መንገዱ አልረዘመም። ባለቤቴ አስካለ፣ «አንተ ሰው ገነት ብትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው ‹ስንት ሆነን ገባን?› ብለህ ነው» ትለኛለች። ልትሰድበኝ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ምን ነውር እንዳለበት እስከዛሬ አልታየኝም። ባዶ እጄን መጥቼ እዚህ የደረስሁት በመቁጠር ነው። የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ ያደረገኝም ይኸው ጠባዬ ነው። ሰው ሲሞት ሁሉም ያለቅሳል፤ አንድ ሰው ግን የድንኳኑን ካስማ መቁጠር አለበት። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ግቢዬ ውስጥ ከኋላ ያለችውን ክፍል የተከራየኝ ይበልጣል የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው። ሙዚቀኛ ነው። ከበሮ ግን የለውም። ከበሮ የሌለው ሰው ከበሮ ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። የውሃ ጀሪካኔን በጡጫ ይመታና በስልኩ ይቀርፃል። የቆርቆሮ በሬን በእርግጫ ይመታና ይቀርፃል። የአስካለን ሙቀጫ፣ የጎረቤትን መጋዝ፣ በረዶ ጣራ ላይ ሲወርድ ሳይቀር ይቀርፃል። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ገልብጦ አንዷን ምት ከመሀል ቆርጦ ያወጣታል፤ ያቺ ቁራጭ ሳምፕል ትባላለች። ሃያ ሠላሳው አንድ ላይ ሲታሰር ድራም ኪት ይሆናል። አንዱን ቁልፍ ሲነካ ጀሪካኔ ይጮኻል፣ ሌላውን ሲነካ በሬ ይንኳኳል። የእኔ ሳል እንኳ አንድ የሰርግ ዘፈን ውስጥ ጭብጨባ መስላ ገብታለች። ሳሌ ስትጨፍር መስማት ምን ስሜት እንዳለው አልነግራችሁም።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ እሱ ብቻ አይደለም። በየከተማው ጓደኞች አሉት፣ ይለዋወጣሉ። ከዲማ ገዳም አካባቢ ያለው የድንጋይ ደወል ይልካል፣ ከጣና ዳር ያለው የቀዘፋ ድምፅ ይልካል፣ ይበልጣል የእኔን በር ይልካል። ሕግ አላቸው። ራሱ የያዘውን ድምፅ ያላመጣ የሰው ድምፅ አይወስድም። በብር አይሆንም፣ በልመና አይሆንም። ወንፈል ነው እንግዲህ፤ ይህን ስሰማ ልጁን ወደድሁት።

«ሰጥተህ ስታበቃ ግን ያንተው ይቀርልሃል?» አልሁት አንድ ቀን።

«ይቀራል ጋሼ።»

«ለስንት ሰው ብትሰጥ?»

«ለሺህም ቢሰጡት ይቀራል።»

«ታዲያ ምኑን ሰጠኸው?»

ሳቀ። «እርስዎ ደግሞ! ዋናው መስጠቱም መቅረፁም አይደለም ጋሼ፣ መቁረጡ ነው። ከፊቱም ከኋላውም ያለው ጫጫታ ተቆርጦ ምቱ ብቻውን ጥርት ብሎ መውጣት አለበት። የእኔ አቆራረጥ በጓደኞቼ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ‹የይበልጣል ንጹህ ነው› ይሉኛል።» እኔም ስንዴ ከእንክርዳድ እንደሚለይ ገበሬ አየሁት። እውነት ለመናገር ኮራሁበት።

አሁን ወደ እታለም ልውሰዳችሁ።

እታለም ከእኛ ቤት ሦስተኛው ግቢ ናት። አንድ ልጅ ነበራት፣ አንማው የሚባል አናጢ። ካቻምና ክረምት በዘጠኝ ቀን ሕመም ሞተባት። ድንኳኑን ተከልን፤ አንማው ራሱ ለእድሩ የሠራቸውን አግዳሚ ወንበሮች ደረደርን። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። በእኛ አገር ሙሾ የሚያወርድ ሰው ይጠራል፤ እሷ ግን «ለልጄ እኔ አለሁ» ብላ ከመሀል ቆመች። ስንኝ ትላለች፣ ስንኙ ሲያልቅ ደረቷን ትመታለች። ሁለት ቅርብ ለቅርብ፣ ሦስተኛው ዘግየት ብሎ። በልጅነቷ ከበቅሎ ወድቃ ግራ ትከሻዋ የተሰበረ ስለሆነ ግራ እጇ ይዘገያል። ድምፁ ከምድር ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። ያን ቀን ያልተነካ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ እታለም ጥቁር እንደለበሰች ቀረች። ሙት ዓመቱ አለፈ፣ አላወለቀችም። ገበያ አትወጣም፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ቅጽሩ ሥር ቆማ ትመለሳለች። ሰውነቷ አለቀ። አስካለ ምግብ ይዛላት ሄዳ የወሰደችበትን ሳህን እንዳለ ይዛው ትመለሳለች። «ይህቺ ሴት ልጇን ተከትላ እየሄደች ነው» አለችኝ አንድ ቀን፤ አስካለ ቃል የምታበዛ ሴት አይደለችም። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ልጃችንን ልንድር ቀን ስንቆርጥ፣ እኛ የእድሩ ሽማግሌዎች እታለምን ጥቁሯን አስወልቀን ሰርጉ ላይ በነጭ ልናስቀምጣት ተማከርን። ሦስት ጊዜ ተመላልሰን በሦስተኛው «እስቲ ቀኑ ይድረስ» አለች። ከእሷ ይህን ያህል ማግኘት ብዙ ነበር።

ሰርጉ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ከገበያ በባጃጅ ስመለስ ሾፌሩ ዘፈን ከፍቷል። አዲስ የሰርግ ዘፈን ነው፣ በየባጃጁ የሚጮኸው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ትከሻዋን ትነቀንቃለች። እኔ እንደ ልማዴ ምቱን ቆጠርሁ። ሁለት ቅርብ ለቅርብ፣ ሦስተኛው ዘግየት ብሎ። ሁለት፣ አንድ። ሁለት፣ አንድ። መጀመሪያ ጆሮዬ ነው ያወቀው፤ ቀጥሎ እኔ። ሰፈሬ ሳልደርስ «ውረድልኝ» አልሁት ሾፌሩን፤ ለእሱ «አውርደኝ» ማለት እንኳ ጠፍቶብኝ። በእግሬ ሄድሁ። ያን ቀን እርምጃዬን አልቆጠርሁም።

ይበልጣል ክፍሉ ውስጥ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሷል።

«ይህን ሁለት-አንድ የሚል ምት ከየት አመጣኸው?» አልሁት። ዘፈኑን በአፌ ለማሰማት ሞከርሁ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅብኝ ነበር።

ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ ዝናቡን ነበር የፈለግሁት።»

«የምን ዝናብ?»

«የአንማው ለቅሶ ቀን ዝናቡ ድንኳኑ ላይ ሲወርድ ድምፁ ያምር ነበር። ስልኬን ምሰሶው ሥር አስቀምጬ ትቼው ወጣሁ። ቤት መጥቼ ስሰማው ዝናቡ መሀል ያ ምት አለ። እንደዚያ ያለ ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ቆረጥሁት።»

«የሰው ደረት መሆኑን አላወቅህም?»

ላፕቶፑን ከደነው። ከዚያ፣ «አውቄአለሁ» አለ። «ስም አልሰጠሁትም። ‹ዝናብ ሦስት› አልሁት። በዲማው ደወል ቀየርሁት።»

ወረቀትና እርሳስ አመጣሁ። ለማን ሰጠህ? ያስ ለማን ሰጠ? እየደወለ ይጠይቃል፣ እኔ እጽፋለሁ። ዐርባ አንድ ላይ ስንደርስ ደሴ ያለው ጓደኛው «እኔማ ወንድሜ ለሁሉም ነው የላክሁት፣ አዲስ አበባም አለ» አለው። እርሳሴን አስቀመጥሁ። ቆጥሬ ያቃተኝ ነገር ይህ የመጀመሪያው ነው። ሊመለስ አይችልም፣ ሊሰበሰብ አይችልም። የአንዲት እናት ደረት አገር ለአገር ይጨፈርበታል፤ ሰርጋችን ላይ እንዲዘፍን የተዋዋልነው ቡድንም ያንኑ ዘፈን እንደሚጫወት እናውቃለን። አትዝፈኑት ብንል እንኳ የሚቀጥለው ባጃጅ ይዘፍነዋል።

አስካለ ሁሉንም ሰምታ፣ «ሰው መሀል ከምትሰማው ቤቷ ትስማው» አለች። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ይበልጣል የከተማ ልጅ ነውና፣ «ምን ያህል ድንጋይ?» አላት።

«ጥፋትህን የሚያህል» አለችው። ግቢውን ሲዞር ቆይቶ የአጥሩን ማዕዘን የያዘውን ነቅሎ ተሸከመ። አጥሬ እስከዛሬ ወደዚያ ዘንበል ያለ ነው።

እታለም በሩን ከፍታ ሦስታችንንም አየች፤ ከዚያ ድንጋዩን አየች።

«ምነው ጋሽ ታከለ፣ ቤት ሊሠሩልኝ ነው?»

የምትቀልድ ሴት እንደነበረች ረስቼው ነበር። ገባን፤ ይበልጣል ድንጋዩን እንደተሸከመ ተንበረከከ። እኔ ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥቼ ነገርኋት፤ ዝናቡን፣ ስልኩን፣ ቆረጣውን፣ ልውውጡን። ዐርባ አንዱንም ነገርኋት። እስከ መጨረሻው ሰማች።

«አሰማኝ» አለችው ልጁን።

«እትዬ፣ ይቅርብዎት...»

«አሰማኝ አልሁህ። ድንጋዩን አውርድና አሰማኝ።»

መጀመሪያ ዘፈኑን ከፈተ። ቀጥሎ ቁራጩን፣ ሦስቱን ምት ብቻ። ጓ፣ ጓ... ጓ። እጇ ሳታዝዘው ወደ ደረቷ ሄደ።

«እኔ ነኝ» አለች።

አስካለ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ እርግማኑን ወይም ለቅሶውን ጠበቅሁ፤ ለሁለቱም ቃል አዘጋጅቼ ነበር፣ ሽማግሌ ያለ ቃል አይሄድም። እታለም ግን አንገቷን ወደ ስልኩ አስግጋ፣

«ከዚህ በፊት ያለውስ?» አለች።

«የቱ እትዬ?»

«ደረት የሚመታው ስንኝ ሲያልቅ ነው ልጄ። ከመምታቴ በፊት ያልሁት አለ። እሱን አሰማኝ።»

ይበልጣል ስልኩን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ያን ቀን አእምሮዬ አልነበረም» አለች። «ለልጄ ምን እንዳልሁት አላውቀውም። ያገኘኝ ሁሉ ‹እንዴት ያለ ሙሾ አወረድሽ፣ አንጀታችንን በላሽው› ይለኛል። ‹ምን አልሁ?› ስል ‹ውይ እታለም፣ ተይው ይቅርብሽ› ይለኛል። ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። እናንተ ጥቁርሽን አውልቂ ትሉኛላችሁ። ልጄን ምን ብዬ እንደሸኘሁት ሳላውቅ በምን አፌ ነው የማወልቀው? አንተ ይዘኸው ኖሯል። አሰማኝ።»

«ቆረጥሁት እትዬ።» ግንባሩ መሬት ሊነካ ደረሰ። «ቃሉ ምቱ ላይ እየገባ ያቆሽሸው ነበር። ቆርጬ ጣልሁት። ዋናውንም ስልኬ ሲሞላ አጠፋሁት፤ ቃሉም ከአእምሮዬ ጠፍቷል።»

እኛ ስለ ሰረቅነው ነገር ይቅርታ ልንጠይቅ ድንጋይ ተሸክመን መጥተናል፤ እሷ የምትፈልገው የጣልነውን ነው። ለካ ደረቷ ግድም አልሰጣት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎስ ጋሽ ታከለ? ፊት ለፊቴ ነበር የቆሙት። እርስዎን የሚያመልጥ ነገር የለም። ምን አልሁ?»

ከዚህ በኋላ ያለውን ባልነግራችሁ በወደድሁ። አእምሮዬን ከፈትሁት፣ ያ ቀን እንዳለ አለ። አግዳሚዎቹ ዐሥራ ስምንት ነበሩ። ሁለት ስላነሱን ሃያ ሦስት ሰው ከኋላ ቆሟል። ከካስማዎቹ አንዱ ላልቶ ነበር። ይህን ሁሉ በአፌ አልሁት፤ ማለቴን ያወቅሁት አስካለ ክንዴን ስትቆነጥጠኝ ነው።

«ምቴንስ ቆጥረውታል?» አለች እታለም።

«ቆጥሬአለሁ።»

«ስንት ነበር?»

«ሰባ ሁለት።»

ራሷን ነቀነቀች። እኔም፣ እናንተ ፍረዱኝ፣ እዚያው እንደተቀመጥሁ ለሦስት አካፈልሁት። ሃያ አራት ጊዜ ከልጇ ጋር ተነጋግራለች። አንዱንም አልሰማሁም። ይበልጣል ቢያንስ ሰምቶ ነው የጣለው።

«በሉ ሂዱ» አለችን፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ድንጋዩንም ይዛችሁልኝ ሂዱ። እንቅፋት ይሆንብኛል።»

በማግስቱ ጠዋት ይበልጣል በሬን አንኳኳ። ለቅሶው ላይ የነበሩትን ሰዎች ስም ጠየቀኝ። የእድር ሰብሳቢ የቀሪ መዝገብ አለው፤ ከነአባት ስማቸው ሰጠሁት። ሰርጉ ደርሷል፣ ዳስ እየተጣለ ነው፣ እሱ ግን ቤት ለቤት ይዞራል። «ከዚያ ሙሾ የምታስታውሱት አለ?» ይላል። ሰው ደግሞ ባዶ እጁን መስደድ አይወድም፣ ያለውን ሁሉ ሰጠው። ሲመሽ ይዞላት ይሄድና ያነብላታል።

«ይህ የእኔ አይደለም» ትለዋለች። «ይህ ለማንም ይባላል።»

«ይህስ?»

«ይህ የመርጌታ ነው፣ እኔ እንዲህ አልራቀቅም። ቀጥል።»

በዘጠኝ ቀን ከሠላሳ ከሚበልጥ ስንኝ ሦስት ተቀበለችው። አራተኛውን የሰጠችው እማማ ዘነቡ ናት፤ ጆሮዋ ስለሚከብድ ያን ቀን ከእታለም እግር ሥር የተቀመጠች አሮጊት። ብዙዎቻችን ምንም አትሰማም ብለን ሰላምታ እንኳ የምንነፍጋት ናት።

ልጄ በሠራው ላይ ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣
ሠሪው ለራሱ ግን ሄደ መሬት መርጦ።

ይበልጣል ይህን ሲያነብላት እኔም ነበርሁ። እታለም «ድገመው» አለች። ደገመው። ራሷ አለችው፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥላ በዜማው። ስንኙ ሲያልቅ እጇ ተነሣ፤ ይበልጣል ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው። እኔ ደግሞ ዐሥራ ስምንት ብዬ እነዚያን አግዳሚዎች የቆጠርሁት ይህ ሲባል እንደነበረ ገባኝ።

ሰርጉ ላይ አልመጣችም። ለእሷ ያዘጋጀነው ቦታ ባዶውን ዋለ። ዘፋኞቹ ያን ዘፈን ተጫወቱት፤ እኛ አትጫወቱ ለማለት አንደበት አጣን። የምንድራት ልጃችን ወጥታ ጨፈረች፣ ሚዜዎቹ ጨፈሩ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ትከሻቸውን ሰበቁ። እኔና አስካለ እጃችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ተቀመጥን፤ ይበልጣል ከዳሱ ወጥቶ አጥሩ ጋ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ሰው «የሙሽራዋ ወላጆች ልጃቸው ስትለያቸው ከፋቸው» ብሎ አዘነልን።

ከዚያ በኋላ በአንድ ተራ ረቡዕ፣ ሽማግሌ ሳይሰበሰብ፣ ምርቃት ሳይደረግ፣ እታለም ነጭ ለብሳ ሽንኩርት ልትገዛ ወጣች። ከሱቁ ደጃፍ ላይ ድንገት ተገጣጠምን። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጣት፣

«አራት ብቻ ተገኘ፤ ሃያው ቀረ» አልሁ። ከእኔ የሚጠበቅ ነው።

«የቀረውን በነጭም ሆኖ መፈለግ ይቻላል» አለችኝና ሽንኩርቱን እየነካካች መምረጥ ጀመረች።

ይበልጣል አሁንም ይቆርጣል፤ ሥራው ነው። ዘፈኑም አልቀረም፣ ትናንትም ሰምቼዋለሁ። እኔ ግን ባለፈው ሰሞን ሰፈራችን ለቅሶ ሲሆን ለራሴ ቃል ገባሁ። ካስማውን ለሌላ ሰው ሰጠሁ፣ መዝገቡን ለሌላ ሰው ሰጠሁ፣ ባዶ እጄን ከአልቃሿ ፊት ተቀመጥሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ ከእነ ቃሉ፣ ከእነ ትንፋሹ ሰማሁት፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ደስ አለኝ። ወዲያው ቀጠለች፤ እኔም በልቤ «ይህ እንግዲህ ሁለተኛው ነው» አልሁ።